ከማርሚታው በፊት ጫማው

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። በሥራው 22 ዓመት ቆይቻለሁ። ጋዜጣችሁን ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ለዓመታት ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ነገር ለብዙ አንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አንድ ወጣት በእጁ የገባውን ገንዘብ ሞተሩን ለማሳመር ያውለው ወይስ የራሱን ገላ ለመጠበቅ? እኔን ግን ካለፈው ግንቦት ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

እሑድ እሑድ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከከተማችን በስተምዕራብ፣ የነፋስ ማመንጫዎቹ ወደቆሙበት ሸንተረር የሚወጡ ሞተሮች ድምፅ ይሰማል። እዚያ ሥራ ያቆመ ገረጋንቲ ማውጫ አለ። ልጆቹ አካፋና ዶማ ይዘው ጉብታውን ራሳቸው ደልድለዋል፤ ይዘሉበታል፣ ዳገቱን ይወጡበታል፣ እየተሽቀዳደሙ ይዞሩበታል። ሞቶክሮስ ነው የሚሉት፤ ስሙም ይገባዋል። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝ አገር ካምበርሌይ በተባለ ሥፍራ ሲጀመርም የተነዳው እንዲሁ በሸካራ ኮረብታ ላይ ነበር። ከልጆቹ የሚበዙት የባጃጅ ሹፌሮች፣ የጋራዥ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። የሚነዱት አሮጌ ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሻል ካለም የቻይና 250 ሲሲ ነው። ሱስ ከሚያስይዝ ነገር ርቀው እሑዳቸውን በዚህ ማሳለፋቸውን እወድላቸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደብዳቤዬን አንብቦ «እንግዲያው ይከልከሉ» የሚል ሰው እንዳይነሳ ነው። እንዲከለከሉ አልፈልግም።

የእህቴ ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነው። 21 ዓመቱ ነው፤ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ሚያዝያ እቁብ ወጣለትና 60 ሺህ ብር ይዞ ሱቄ መጣ። በርጩማ ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና በደብተር ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የጻፋቸውን ሁለት ዝርዝሮች ዘረጋልኝ። በግራ በኩል ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) 32 ሺህ፣ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) 14 ሺህ፣ ካቴና ከነጥርሶቹ 11 ሺህ ይላል። በቀኝ በኩል የሞቶክሮስ ጫማ 24 ሺህ፣ ሄልሜት 18 ሺህ፣ የደረት መከላከያ 8 ሺህ፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ 6 ሺህ፣ መነጽር 4 ሺህ። «አጎቴ፣ አንዱን ነው የምችለው። የቱ ይሻላል?» አለኝ።

ልጁ በሚገባ አስቦበት ነው የመጣው። ሳያስብ የመለሰው ታላቁ ነው። «ሄልሜት አለህ አይደል?» አልኩት። አለኝ አለ። «በቃ ማርሚታውን አምጣውና እገጥምልሃለሁ» አልኩት። ለገጠምኩበት 2 ሺህ 500 ብር ተቀበልኩ። በቀረችው 500 ብር የሞተሩ ጎን ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ገዛባት።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ዝላይ ላይ ሳይሆን ከዝላዩ በኋላ ባለችው ቀላል ኩርባ ወደቀ። አብረውት የነበሩት ሁሉ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር ይላሉ። አዲሱ ማርሚታ የጨመረለት ጉልበት በላላው አፈር ላይ የኋላውን ጎማ አሾረው፤ ሞተሩ ሲያዘነብል ሚዛን ለመጠበቅ የግራ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። ማንኛውም ሞተረኛ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነው። ያደረገው ሸራ ጫማ ነበር። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ከነመርገጫው ባቱ ላይ ተኛበት፤ ከሥር ደግሞ ድንጋይ ነበር። ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ቁርጭምጭሚቱም ዞረ።

የሞቶክሮስ ጫማ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቁመቱ እስከ ጉልበት ሥር ይደርሳል። ፊት ለፊት ቅልጥሙን የሚሸፍን ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፤ ከሶሉ ውስጥ እግር ከመርገጫው ላይ እንዳይቀለበስ የሚይዝ ብረት ይገባበታል፤ በሦስት ወይም በአራት መቆለፊያ ይጠበቃል። ጥሩዎቹ ቁርጭምጭሚት ላይ ማጠፊያ ስላላቸው እግር ወደፊትና ወደኋላ ይታጠፋል፤ ወደ ጎን ለመጠምዘዝ ግን አይፈቅዱም። መጀመሪያ ሲያደርጉት እንደ ጀሶ ይከብዳል፤ ማርሽ መቀየር ያስቸግራል። ልጆቹ «አይመችም» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለት ሦስት እሑድ ከለበሱት ይላመዳል። የእህቴን ልጅ እግር እንዲህ ያለ ጫማ ሙሉ በሙሉ ያድነው ነበር ብዬ አልምልም። ሁለት ቦታ ባልተሰበረ፣ ቁርጭምጭሚቱም ባልዞረ ነበር ብዬ ግን እምላለሁ።

ከሜዳው አንስተው በቀጥታ ሐኪም ቤት አላደረሱትም። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄዱ። ወጌሻን አልንቅም፤ እኔም በልጅነቴ የወለቀ ትከሻዬን ያስገቡልኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። የተሰበረ ቅልጥም ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እያበጠ ይሄዳል፤ ደም መዘዋወር ሲያቆም እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ ጣቶቹ ጠቆር ማለታቸውን አይታ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠችውና በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። በብረትና በብሎን ተገጠመ። እህቴ ገና ሦስት ወር የሚቀረውን የራሷን እቁብ ሰው ለምና ቀድማ አወጣች። የባጃጁ ባለቤት ሁለት ሳምንት ጠብቆ ባጃጁን ለሌላ ሹፌር ሰጠ፤ አልፈርድበትም፣ እርሱም ልጆች አሉት። ይኸው አሁን ጥቅምት ነው፤ ልጁ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ስለ ሄልሜቱ ላውራ፤ ምክንያቱም «አለህ አይደል?» ብዬ ያለፍኩት እርሱን ነው። ሰልባጅ ነበር። ከገበያ በ2 ሺህ ብር የገዛው፣ ውጭው የሚያብለጨልጭ፣ ቀለሙ ያልተላጠ ነበር። በወደቀ ዕለት ግራ ጎኑ ድንጋይ መትቶ ነበርና ልጁ ሁለት ቀን አስታወከው፤ የዚያን እሑድ ነገር እስካሁን ምንም አያስታውስም። እኔ ሄልሜቱን ሱቅ ወስጄ በሰጌቶ መሀል ለመሀል ሰነጠቅሁት። ጨርቁን ስገፈው ከሥሩ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ የሚታጨቀው ዓይነት ነጭ ፎም አለ። ሥራውን የሚሠራው ይህ ፎም ነው፤ ራስ ሲመታ ይደቅቅና የምቱን ኃይል ይወስዳል፤ አንዴ ከደቀቀ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። በግራ በኩል ልጁ የወደቀበት ቦታ ላይ ደቅቆ ቀጥኖ አገኘሁት። ይህን ጠብቄ ነበር። ከኋላ በኩል፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ግን ሌላ የደቀቀ ቦታ ነበር፤ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ፣ ፎሙ ወደ ጣት ጥፍር ውፍረት የወረደ። ልጁ በኋላው በኩል ወድቆ አያውቅም። ከእርሱ በፊት የለበሰው ሰው፣ በየትኛው አገር እንደሆነ እንጃ፣ ወድቆበታል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ለስምንት ወር ያህል ራሱ ላይ ያደረገው ከኋላ በኩል ባዶ የሆነ ሄልሜት ነበር። በጀርባው ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አቅም የሚኖረኝ አይመስለኝም።

ሁለቱን ግማሽ ሱቄ በር ላይ ሰቅዬአቸዋለሁ። የሚመጣውን ወጣት ሁሉ ጣቱን አስገብቶ እንዲነካ አደርገዋለሁ። ባለቤቴም በካርቶን ላይ ጽፋ ከጎኑ ለጥፋለች፦ የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተማቸው መመሪያዎች ላይ እንደሰፈረው፣ የራስ ቁር ማድረግ ለሞተረኛ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ በመንገድ ላይ ለሚነዱት የተጠና ነው፤ ድንጋይ ላይ ለሚነዳ ሰው ራሱ የሚያርፈው ምን ላይ እንደሆነ ግን ሜዳውን ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሰልባጅ ሄልሜት አትግዙ፤ ከወንድም እንኳ ቢሆን ታሪኩን ካላወቃችሁ አትቀበሉ። አዲስ ስትገዙ ማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ትንሽ ጨርቅ ገልጣችሁ እዩ። የአውሮፓው መስፈርት፣ ኢሲኢ የሚባለው፣ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ‹ኢ› ፊደል ከአገሩ ቁጥር ጋር አለው፤ ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በአዲሱ በ06 ይጀምራል። ከኋላ የሚለጠፈው ዲኦቲ የሚል የአሜሪካ ምልክት ብቻውን አያስተማምን፤ አምራቹ ራሱ መስፈርቱን አሟልቻለሁ ብሎ የሚለጥፈው ስለሆነ ሐሰተኛ ማሳተም ቀላል ነው። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ከትታችሁ ከጨርቁ ሥር ያለውን ዳስሱ። እንደ ፍራሽ ስፖንጅ ለስላሳ ከሆነ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። መጠኑም ከራሳችሁ ጋር ይመጥን፤ ማሰሪያውን ቆልፋችሁ ከኋላ ወደ ፊት ስትገፉት ከራሳችሁ የሚወልቅ ሄልሜት ስትወድቁም ይወልቃል።

ስለ መነጽር ብዙ አልልም። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ ባትሆን ኖሮ አዳማ ቁጥር ሁለት በሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ 102 ተርባይን አይተከልም ነበር። ከፊት የሚነዳው ሞተር የሚረጨው ጠጠርና አቧራ ዓይን ውስጥ ከገባ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። የጉልበት መከላከያ የግድ ከማጠፊያ ጋር የተሠራው ውዱ መሆን የለበትም፤ ኢኤን 1621 የሚል የመስፈርት ምልክት ያለበት ተራው ይበቃል። የአንገት መከላከያው ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል። እርሱን የሠራው ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ክሪስ ሊያት መሆኑን፣ የተነሳሳውም አብሮት የሚነዳ ሰው በአደጋ ሲሞት አይቶ መሆኑን ሳነብ ግን ልቤ ተነክቷል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀው ሞተር ነውና ስለ ሞተሩ ደግሞ የማውቀውን ልናገር።

ልጆቹ ወደ እኔ ሲመጡ የሚሉት አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሞተሬ አይጎትትም።» እውነታቸውን ነው፣ አይጎትትም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ተራ ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ ሰባተኛ የሚሆነውን እዚህ ይተዋል። ማርሚታ መቀየር ይህን አይመልሰውም። በዚህ ላይ ካርቡራቶሩ ለቆላ አገር ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ አየሩ ለቤንዚኑ ያንሰዋል። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን፣ ፍቱትና እዩት። ጫፉ እንደ ድስት ቂጥ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ እንደ ተቆላ ቡና ሲሆን ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶት እየጋለ ነውና ፒስቶን ሳይቀልጥ አቁሙት። ጥቀርሻውን የሚያስወግደው ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቀዳዳ ያላት ናስ ቀዳዳዋ ባነሰ ሌላ መለወጥ ነው። ዋጋዋ ከምሳ አይበልጥም።

ከዚያም በላይ ፊልትሮ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ስፖንጅ፣ አለ። እሑድ ከሸንተረሩ የሚመጡልኝን ሞተሮች ስፈታ ስፖንጁ የአዳማን አቧራ ጠጥቶ እንደ ጡብ ደርቆ አገኘዋለሁ። አንድ ሰው አፍንጫውን ይዞ ቢሮጥ አይሮጥም። ስፖንጁን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ የፊልትሮ ዘይት አሽቶ መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ብቻ ሠርቼላቸው «ማርሚታው ይቅር፣ ጎትቷል» ብለው የተመለሱ ልጆች አሉ።

ገንዘብ ሳያወጡ ሊያደርጉት የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። የሞተሩ ሞላ ከነጂው ክብደት ጋር መስማማት አለበት። ከውጭ የሚመጡት ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ70 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው የተስተካከሉ ናቸው፤ የእኛ ልጆች ግን 55፣ ቢበዛ 60 ኪሎ ናቸው። ሞተሩን የኋላው ጎማ ከመሬት እስኪነሳ አቁሙትና ከኋላ ጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ) ድረስ በሜትር ለኩ። ከዚያ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥበትና ያው ቦታ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ሞላው ሊሄድ ከሚችለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ እውነተኛ የሞቶክሮስ ሞተር ላይ ከሆነ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ካነሰ የሞላውን መያዣ ፈታ፣ ከበዛ ጠበቅ ማድረግ ነው። በዚህ ብቻ ሞተሩ ድንጋይ ላይ መዝለሉ ይቀንሳል፣ ጎማው መሬት ይይዛል። የእህቴን ልጅ ሞተር እንዲህ አድርጌ ለክቼለት አላውቅም ነበር። ከወደቀ በኋላ ለካሁት፤ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር የሚወርደው። ያቺ ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ ለምን እንደዚያ እንደተንሸራተተ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ ለሞተር ገንዘብ ማውጣት ሁሉ ስህተት ነው አልልም። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ መለወጥ፣ ጥርሱ የተበላ ጎማን በጥርሳም ጎማ መተካት፣ የተጣመመ መሪ መቀየር፣ እነዚህ ሰውን ከመውደቅ የሚጠብቁ ናቸው፤ ከጫማው እኩል ባስቀድማቸው አላፍርም። ጉልበት የሚጨምረው ነገር ነው መጨረሻ መምጣት ያለበት። ልጆቹ «ሞተሩ ጠንካራ ከሆነ ከመውደቅ ያወጣኛል» ይሉኛል። በዚህ ስፖርት የማይወድቅ የለም። የዓለም ሻምፒዮናው ላይ የሚነዱት፣ ሕይወታቸውን በሙሉ ሲሠሩት የኖሩት ሰዎች ይወድቃሉ፤ አንዳቸውም ግን በሸራ ጫማ ሜዳ አይገቡም።

ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ ብቻ አይደለም። እንደኔ ሞተር ለሚጠግኑ ወንድሞቼም ነው። እኛ ከማርሚታ ገጠማ እናተርፋለን፤ ከጫማ አናተርፍም። የሚጠይቀን ልጅ ግን ምክራችንን አምኖ ይሄዳል፤ ሐኪም እንደሚታመን ይታመነናል። መለዋወጫ ለምታስመጡ ነጋዴዎችም አንድ ልመና አለኝ። በአዳማ ገበያ ማርሚታ በየዓይነቱ ተደርድሮ አያለሁ፤ የሞቶክሮስ ጫማ ፈልጌ ግን ያገኘሁት አንድ ሱቅ ውስጥ፣ እርሱም 45 ቁጥር ብቻ ነው። የልጆቹ እግር 40 እና 41 ነው። አምጡላቸው፤ ይገዛሉ። የሚገዛ ካልተገኘ እኔ ሱቄ ውስጥ ቦታ ሰጥቼ ያለ ኮሚሽን እሸጥላችኋለሁ።

ከሰኔ ወር ጀምሮ ማንም ማርሚታ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ ሄልሜቱንና ጫማውን ይዞ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። ከሌለው ፊልትሮውን አጥቤ፣ ሞላውን ለክቼ እሸኘዋለሁ። አራት ደንበኞች ተቆጥተው ወደ ሌላ ሄደዋል። ሁለቱ ጫማ ገዝተው ተመልሰዋል።

የእህቴ ልጅ ሞተር እዚሁ ሱቄ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሐኪሙ ከጥር በፊት እንዳይነካው ነግሮታል። ማርሚታውን ባለፈው ሳምንት አብረን ፈታነው፤ እርሱ በምርኩዙ ተደግፎ ቁልፍ እያቀበለኝ። አሮጌውን መልሰን ገጥመናል። አዲሱ ታጥቦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሄልሜትና ጫማ ላለው ሰው በ22 ሺህ ብር እንሸጠዋለን። ልጁ የጫማ ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፎታል፤ 41።

ከአክብሮት ጋር፣
ሞተር ሳይክል ጠጋኝ፣ ከአዳማ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል)